የኢምፕላንት ጉዳይ የሚነሳው ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጥርስ ተነቅሎ ዓመት ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ኢምፕላንት (በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) የሚጠይቅ ታካሚ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «አጥንትዎ አይበቃም» የሚል ነው። አጥንቱ መሳሳት የጀመረው ግን ጥርሱ በተነቀለበት ሳምንት ነው። ስለዚህ ጉጠቱ ከመነሳቱ በፊት ሊነገር የሚገባውን ለአንባቢዎቻችሁ ለመጻፍ ወደድሁ።

በላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶችን በከንፈር በኩል የሚይዘው የአጥንት ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከደሙ ከፊሉን የሚያገኘው የጥርሱን ሥር ከአጥንቱ ጋር ከሚያያይዘው ጅማት ነው። ጥርሱ ሲወጣ ጅማቱም አብሮ ይሄዳልና ግድግዳው እየሳሳ ይጠፋል። በመጀመሪያው ዓመት የአጥንቱ ስፋት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛው የሚጠፋውም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኢምፕላንት በከንፈር በኩል 2፣ በምላስ በኩል ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር አጥንት ይፈልጋል፤ ድምሩ 7 ነው። 8 የነበረው ወደ 4 ከወረደ መትከያ ቦታ የለም።

ይህን መሳሳት ለመከላከል ጥርሱ የወጣበት ጉድጓድ በአጥንት ፍሬ ይሞላል፤ ሥራው ግን ከአነቃቀሉ ይጀምራል። ጥርሱን ወደ ከንፈር በኩል እየገፉ መወዝወዝ ያንን ስስ ግድግዳ ይሰብረዋል። ጅማቱን በቀጭን ስለት ዙሪያውን መቁረጥ፣ ብዙ ሥር ያለውን ጥርስ ደግሞ ውሃ እየረጩ በመሰርሰሪያ ከፋፍሎ ሥሮቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጊዜ ይፈጃል፤ የሚያዋጣው ግን ይኸው ነው። ቀጥሎ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው የቆሰለ ሥጋ አጥንቱ እስኪታይ ተፍቆ ይወጣል፣ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ይታጠባል። መግል እያለ መሙላት አይገባም፤ የተሞላው ሁሉ ተበክሎ ይወጣል።

መሙያው ከ0.25 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ደቃቅ የአጥንት ፍሬ ነው። በሳላይን ወይም በታካሚው ደም ርሶ እርጥብ አሸዋ ሲመስል ይገባል። አንድ ሥር ላለው ጥርስ ግማሽ ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። እዚህ ላይ የሚደጋገመው ስህተት ጠቅጥቆ መሙላት ነው፤ በፍሬዎቹ መካከል የደም ሥር የሚያልፍበት ክፍተት ካልቀረ አዲስ አጥንት አያድግም። በላዩ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ሽፋን ከጉድጓዱ ጠርዝ 2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አልፎ ከድዱ ሥር ይገባና በላዩ መስቀለኛ ስፌት ይደረጋል። ድዱን በግድ ጎትቶ መዝጋት አያስፈልግም።

መሙያው ከሰው፣ ከከብት ወይም ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል። ይህ የእምነት ጥያቄ የሚሆንባቸው ሰዎች ስላሉ ምንጩ ሳይነገር በማንም ሰው አፍ ውስጥ ሊገባ አይገባም፤ ታካሚውም ቢጠይቅ መብቱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን በኃይል መትፋት፣ መጉመጥመጥና በስትሮ መጠጣት ይቅር። ሲጋራ ግን ለሳምንታት ይቅር፤ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ቁስሉን ያዘገያል። ጥቂት ፍሬዎች እንደ አሸዋ አፍ ውስጥ ቢገኙ አያስደነግጥም። ከ3ኛው ቀን በኋላ የሚብስ ሕመም ወይም መጥፎ ሽታ ካለ ግን ወዲያው መመለስ ነው። ጊዜያዊ ወላቂ ጥርስ የሚደረግ ከሆነ ቁስሉን እንዳይነካ ከሥሩ ይሞረድ፤ ሲጫነው አጥንቱም ይጎዳል።

ስፌቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ኢምፕላንቱ ግን እንደ መሙያው ዓይነት ከ4 እስከ 6 ወር መጠበቅ አለበት፤ ከመትከል በፊትም በሲቲ ስካን ስፋቱ ይለካል። ሥራው የአጥንቱን መቀነስ ያሳንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም፤ አንዳንድ ሰው በኋላም ተጨማሪ መሙያ ያስፈልገዋል። ኢምፕላንት ለማይተካው የጥበብ ጥርስ ደግሞ ይህን ማስከፈል ተገቢ አይመስለኝም። ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር ቢስፎስፎኔት የሚባሉትን መድኃኒቶች የወሰደ ሰው ከመነቀሉ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ ቁስሉ ሳይድን አጥንቱ ሊሞት ይችላልና።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥርስ ሐኪም