ቀለቡ የልጅሽ ነው

ልጄ፣

ትናንት ስለ ፍቺሽ በስልክ ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። «ባሌ ልጁን ለእኔ ከተወልኝ ቀለብ አልጠይቅም ብዬ እፈርማለሁ» አልሽኝ። ያኔ መልስ አጣሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

እኔም ፈርሜያለሁ። ሁለት ዓመትሽ ነበር። እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር በተከራየናት ቤት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ «ከአባቷ ምንም አልፈልግም» ብዬ ፈረምኩ። ክብሬን ያስጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። አምስተኛ ክፍል ስትደርሺ አስተማሪሽ «ሰሌዳው አይታያትም» ብለው አስጠሩኝ። መነጽሩን የገዛሁልሽ እንጀራ ሸጬ፣ ዕቁብ እስኪደርሰኝ ወራት ጠብቄ ነው። አባትሽ ያኔ ደመወዝተኛ ነበር። ወረቀቱ እጄን ያሰረው እየመሰለኝ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። አንቺ ግን ምንም አልፈረምሽም ነበር እኮ።

የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቀለብ የእናት ገንዘብ አይደለም፣ የልጅ ነው። ምግቡ፣ መጠለያው፣ ልብሱ፣ ሕክምናው፣ ትምህርቱ ነው። ያንቺ ያልሆነውን እንዴት ትተዪዋለሽ?

አዲስ አበባ ስላለሽ የሚመለከትሽ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በስምምነት ብትፋቱ እንኳ ስምምነታችሁ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የልጁን ጥቅም በበቂ ካላስጠበቀ፣ ዳኛው ፍቺውን ብቻ አጽድቀው የጎደለውን ማስተካከል ይችላሉ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናትን በሚመለከት የሕፃኑ ደህንነት ይቅደም ይላል። ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ይህን አያስቀርም።

«ገቢው ትንሽ ነው» ብለሽኛል። ቀለብ የሚወሰነው የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ታይቶ ነው። ትንሽ ካለው ትንሽ ይክፈል። ነገ ኑሮው ቢለወጥ፣ ወይ የልጁ ወጪ ቢጨምር፣ ይሻሻልልኝ ብሎ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። ልጁ ከማን ጋር ይደግ የሚለው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚታየውም ለልጁ በሚበጀው ነው። በቀለብ የሚገዛ ነገር አይደለም።

ፈርመሽ ከሆነም አትደንግጪ። ግን አትቆዪ። ሳይጠየቅ የተከማቸ ቀለብ ኋላ ማስመለስ ይከብዳል።

ቅዳሜ በማለዳ በፈጣን መንገዱ እመጣለሁ። የጋብቻ ወረቀታችሁንና የልጁን የልደት ሰርተፍኬት አዘጋጂ። የቤት ኪራዩን፣ የወተቱን፣ የመዋያውን ወጪ አንድ ወረቀት ላይ ጻፊው። ጠበቃ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ምንም እንዳትፈርሚ።

እናትሽ
አዳማ