«ፍሬን በጥሶ» ብላችሁ አትፃፉብን

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። እኔ ደሴ ጋራዥ ውስጥ የምሰራ መካኒክ ነኝ፣ እድሜዬን ከፍሬንና ከታምቡር ጋር ነው የጨረስኩት፣ ጋዜጣችሁንም ምሳ ሰዓት ላይ እየተቀባበልን እናነበዋለን። ይሄን የምፅፈው አንድ ቃል ስላንገበገበኝ ነው። የመኪና አደጋ በዘገባችሁ ቁጥር «ፍሬን በጥሶ ገደል ገባ» ትላላችሁ። እናንተ ብቻ አይደላችሁም፣ ሬድዮውም ሹፌሩም ለቅሶ ቤት የተቀመጠውም ሰው እንደዛው ነው የሚለው። ግን ፍሬን እኮ ገመድ አይደለም። ቱቦ የሚፈነዳበት፣ ንፋስ የሚያመልጥበት ጊዜ አለ አልክድም፣ እኔ ጋ ተጎትቶ የሚመጣውን መኪና ጎማ ስፈታው ግን ብዙውን ጊዜ የማገኘው ያለቀ ሸራና የተቃጠለ ታምቡር ነው። ታምቡር ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ነው፣ ሸራው ደግሞ ከውስጥ ተጭኖት የሚያቆመው። በጠሰ ካልን ጥፋቱ የእድል ይሆንና ሁሉም ሰው እንባውን ጠርጎ ይሄዳል፣ አለቀ ካልን ግን ሲያልቅ ማን ማየት ነበረበት የሚል ጥያቄ ይመጣል።

የኛን መንገድ ታውቁታላችሁ። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ነው የሚኬደው። እስቲ አብረን እናስላው፣ ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን መኪና ያንን 600 ሜትር ሲወርድ ከ170 ሚሊዮን ጁል በላይ ጉልበት ይለቃል፣ ይሄ በቤታችን ቋንቋ ከ500 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ የሚያንተከትክ ሙቀት ነው፣ ሁለት በርሜል ተኩል ውሃ በሉት። ያ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ሹፌሩ ዳገቱን በሚወጣበት ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ትልቁን ድርሻ ይይዝለታል፣ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ዜሮ ካደረገው ግን ነፋሱና ጎማው ከሚይዙት ትንሽ በስተቀር ሁሉም ሸራውና ታምቡሩ መሃል ነው የሚከማቸው። ደግሞም ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቶ ሲወረድ ፓምፑ ናፍጣውን ስለሚቆርጠው የሚቆጠብ ነገር እንኳን የለም፣ ይሄን ለስንቱ ሹፌር ነግሬ ነግሬ ደክሞኛል።

ሸራው ሲግል ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ ምክንያቱም ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። የፍሬን ሸራ ማለት ክርና የብረት ብናኝ ምናምን በሙጫ ተጣብቆ የተጋገረ ነገር ነው። ደህና በሆነ ሙቀት ታምቡሩን ከተጫነበት ኃይል 30 ወይም 40 በመቶ በሚያህል ሰበቃ፣ ማለትም ፍትጊያ፣ ይይዘዋል፣ ከልክ በላይ ሲግል ግን ሙጫው መቃጠል ይጀምርና ጋዝ ያወጣል፣ ፊቱ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል። ታምቡሩም ብረት ነውና ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ሹፌሩ በሁለት እግሩ ቢቆምበትም አይዝለትም። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ መልሶ ይይዛል። እና መኪናው አድሮ ጠዋት የሚመረምረው ሰው ፔዳሉን ሲረግጠው ይሰራል፣ ሹፌሩ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ያለው ውሸት ይመስላል። ልጁ እኮ አልዋሸም።

ባለፈው ክረምት አንድ አይሱዙ እህል ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ሊወርድ ሲል እኛ ጋ ቆመ፣ ከኋላ እንደሚፋጭ ቢላ ይጮሃል። ሹፌሩ ገና ወጣት ነው፣ «ጋሼ አብሽር፣ ኮምቦልቻ ድረስ ያደርሰኛል፣ ድምፁን ብቻ አጥፋልኝ» አለኝ። ጎማውን ፈታሁት። ሸራው ተበልቶ ተበልቶ እሱን የያዘው የሪቬቱ ምስማር ራስ ወጥቷል፣ ሪቬቱ ደግሞ ታምቡሩን ዙሪያውን አርሶታል፣ ጥፍሬን ሳሳልፍበት ጉድጓዱ ይይዘኛል። ብረቱ ላይ ውሃ ላይ እንደተንሳፈፈ ቤንዚን ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ፣ ግሎ እንደነበር እሱ ይናገራል፣ በመሃሉ ደግሞ እንደደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ቀጭን ቀጭን መስመር። ረዳቱን ምን አደረጋችሁት ብዬ ስጠይቀው «ሲጨስ ውሃ ደፋሁበት» አለኝ። ልጅ ነው፣ ማንም አልነገረውም፣ የጋለ ጥሬ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት እንደሚሰነጠቅ ከየት ይወቀው። ወላሂ ያን ቀን ቁልፉን ከሹፌሩ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ተቆጣ፣ ባለ ንብረቱ ደወለ፣ እሱም ተቆጣ፣ በመጨረሻ ታምቡር ተቀየረ። ታምቡሩን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ይቻል ነበር ይላሉ፣ ግን የመጨረሻው ልክ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ታምቡሩ ላይ ተፅፏል፣ ከሱ ካለፈ ቀጭን ስለሚሆን ሙቀቱን አይችልም፣ የተሰነጠቀ ደግሞ ጭራሽ አይላጥም።

ሰፊ ሸራ የበለጠ ይይዛል ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1699 አሞንቶን የሚባል ፈረንሳዊ ያየው ነገር ነው፣ ሰበቃ የሚወሰነው በሚጫነው ኃይል እንጂ በስፋቱ አይደለም። በእጅ ሲዳሰስ ለስላሳ የሚመስል ብረት በማጉያ ቢታይ የወሎ ተራራ ነው፣ ጦሳና ጦሳ በጫፋቸው ተደጋግፈው ማለት ነው፣ የሚነካካውም ጫፍ ለጫፍ ብቻ ነው። ሰፊው ሸራ የሚጠቅመው ሙቀቱን ስለሚከፋፍልና ቶሎ ስለማያልቅ ነው። ስለ ማለቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 አርቻርድ የሚባል ተመራማሪ ቀመሩን አስቀምጦታል፣ የሚበላው ብረት በጫናውና በሚፋተግበት ርቀት ልክ ይጨምራል። ጫናው እጥፍ ሲሆን መበላቱም እጥፍ፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ከዛም በላይ። ለአምስት ቶን በተሰራ መኪና ስምንት ቶን የሚጭን ባለ ንብረት ሸራው ቶሎ አለቀብኝ ብሎ እኔን የሚቆጣው በምን ሂሳብ ነው? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1966 ይሄን ሰበቃና ማለቅ የሚባል ነገር አስጠንተው በአግባቡ ቢያዝ በአመት 515 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚድንላቸው አስልተዋል፣ እኛ ሀገር ደግሞ ከብሩም በላይ የሚድነው ሰው ነው።

የሸራውንም ጥራት ሳልናገር አላልፍም። ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ የታወቀ ስም የታተመበት ካርቶን ገዝተን ገጠምን፣ ሶስት ወር ሳይሞላው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ መጣ። እቃው ሲገዛ በአይን አይለይም፣ መካኒኩ የሚያውቀው መኪናው ሲመለስ ነው። እና ለሙያ ባልደረቦቼ፣ ታምቡር ስትከፍቱ ብናኙን በኮምፕረሰር አትንፉት፣ የድሮ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ አለ፣ የሳንባ ካንሰር ያመጣል፣ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

ከናንተ የምለምነው ትንሽ ነው። አደጋ ስትዘግቡ ሸራው ስንት ሚሊ ሜትር ቀርቶት ነበር፣ በስንተኛ ማርሽ ነበር የወረደው፣ ስንት ቶን ጭኖ ነበር ብላችሁ መርማሪውን ጠይቁልንና መልሱን ፃፉት። ቦሎ አለው ብቻ ብላችሁ አትለፉት፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ የተፈተሸ ፍሬን ሐረጎ ላይ ሲግል ምን እንደሚሆን አይናገርም። መንገድ ለሚመለከታቸውም ንገሩልን፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ መኪና ቆሞ ሹፌሩ እጁን ወደ ታምቡሩ ቀረብ አድርጎ ሙቀቱን የሚያይበት፣ ፍሬኑን የሚያስጠብቅበት ቦታ ይኑር።

የዛን አይሱዙ ሸራ አልጣልኩትም፣ ጋራዡ ውስጥ ከአዲስ ሸራ ጎን አስቀምጬዋለሁ። ጋዜጠኛችሁ ደሴ ሲመጣ ሁለቱንም በእጁ እሰጠዋለሁ፣ ሪቬቱ የወጣበትን ቦታ በጣቱ ይዳብሰው፣ ከዛ ዜናውን ይፃፍ።

መካኒክ፣ ከደሴ