መርፌ ለወጋት ነርስ በዘመቻው ቅጽ ላይ ቦታ ይኑራት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአራዳ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። አስቸኳይ የክትባት ዘመቻ በታወጀ ቁጥር ስንት ሕፃናት እንደሚከተቡና ስንት ዶዝ እንደቀረበ በጋዜጣችሁ አነባለሁ፤ ስለ ከታቢዎቹ ደኅንነት ግን ብዙም ሲነሣ ስለማላይ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሎልን የኩፍኝ ክትባት ስንሰጥ ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ ሲሆን፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው እስከ አጥሩ በር ድረስ ተሰልፈዋል። አንዴ የተበጠበጠ የኩፍኝ ክትባት ከ6 ሰዓት በኋላ ስለሚወገድ እጃችን ፋታ አልነበረውም። የሁለት ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ መርፌው ከክንዱ ሲወጣ ተወራጭቶ እጄን መታውና ያው መርፌ የግራ እጄን አመልካች ጣት ወጋኝ። በግቢው ውኃ ስላልነበረ አንዲት እናት ለልጇ የያዘችውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጥታኝ ታጠብኩ። ለአስተባባሪያችን ስነግረው አስቀድሞ የጠየቀኝ «ዶዙ ገብቷል ወይስ ባክኗል?» ብሎ ነው። በክፋት የጠየቀ አይመስለኝም፤ በእጁ የያዘው ቅጽ የባከነ ዶዝ የሚጻፍበት ዓምድ ሲኖረው፣ መርፌ የተወጋ ባለሙያ የሚጻፍበት ግን አልነበረውም። ልጁ ከክትባቱ በኋላ ቢታመም የሚሞላ ሌላ ቅጽ አለ፤ መኖሩም ተገቢ ነው።

ከእንዲህ ዓይነት አደጋ በኋላ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በቶሎ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት መወሰድ አለበት። እኔ ያገኘሁት በማግስቱ ነው፤ በጤና ጣቢያችን መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ተቆልፎ ስለነበር፣ አብራኝ የተማረች ነርስ እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል አፈላልጋ አገኘችልኝ። የሚተዋወቅ ሰው የሌላት ባልደረባዬ ምን ታደርግ እንደነበር እንጃ።

በዘመቻ የምንጠቀምበት መርፌ አንዴ ከተገፋ በኋላ ራሱን ስለሚቆልፍ ብዙ ሰው ለከታቢውም ዋስትና ይመስለዋል። መቆለፉ ግን መርፌው ለሌላ ልጅ ዳግም እንዳያገለግል ያደርጋል እንጂ ጫፉን አይሸፍነውም። በተከታቢው ደም ውስጥ የጉበት ቫይረስ ቢ ካለ፣ ያልተከተበች ነርስ በአንድ ውጊያ የመያዝ ዕድሏ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ የኤች አይ ቪው 0.3 በመቶ ገደማ ነው። የቫይረስ ቢ ክትባት ሦስት ዶዝ ሆኖ በመደበኛው መርሐ ግብር 6 ወር ስለሚፈጅ፣ ዘመቻ በታወጀ ሳምንት ተጣድፎ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ሌላውን እየከተብን ራሳችን ሳንከተብ የምንሰማራ ጥቂት አይደለንም።

ስለ መብቱ ከተነሣ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ በዚህ አዋጅ የማይተዳደሩት የመንግሥት ሠራተኞችም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የራሳቸው ሕግ አላቸው። ችግሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ምልክት ለማሳየት እስከ 6 ወር ሊቆይ ስለሚችል፣ ለዘመቻው ለቀናት ብቻ የተቀጠረች ከታቢ ዓይኗ ቢጫ በሚሆንበት ጊዜ ውሏ ካለቀ ወራት ተቆጥረዋል፤ በዕለቱ የተጻፈ መዝገብ ከሌለ ደግሞ መርፌው በዘመቻው ላይ እንደወጋት በምን ታስረዳለች?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ የፈንጣጣ ቫይረስ ለጥቃት ይውላል በሚል ስጋት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎችን ለመከተብ አቅዳ የተከተቡት ከ40 ሺህ አልበለጡም። እዚያ ነርሶቹ ተከታቢዎች እንጂ ከታቢዎች አልነበሩም፤ ይሁንና ብዙዎቹን ካስቀሩት ምክንያቶች አንዱ «ብንታመም ማን ያሳክመናል፣ ደመወዛችንንስ ማን ይከፍላል?» የሚለው ነበር። የካሳ ሕጉ የወጣው ክትባቱ ከተጀመረ ከወራት በኋላ ነው።

ስለዚህ የዘመቻ ዕቅድ የሚያዘጋጁ የጤና ቢሮ ኃላፊዎች በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ለተወጋ ባለሙያ አንድ ዓምድ እንዲጨምሩ፣ ቅዳሜና እሑድ መድኃኒቱ የሚገኝበትን ቦታና የተረኛውን ስልክ በየቡድኑ የበረዶ ሳጥን ላይ እንዲለጥፉ፣ ጊዜያዊ ቅጥሮችም የመዝገቡ ግልባጭ እንዲደርሳቸው እንዲያደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን አንድ ጀሪካን ውኃም ከክትባቱ ጋር ቢጫን መኪናው የሚከብደው አይመስለኝም።

ስሜ እንዲቆይ የጠየቅሁ ነርስ
አራዳ፣ አዲስ አበባ