ናሆም ለገና ሲመጣ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፦

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናሆም ከአባቱ ጋር ለገና ይመጣል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ሸዋ ሮቢት ይደርሳሉ። ቁመቱ እኔን ሊያልፍ ትንሽ ቀርቶታል። ሒሳብ አይወድም፣ እባብ ከተባለ ግን እንቅልፍም አያምረውም። «አያቴ እፉኝት ሊያሳዩኝ ቃል ገብተውልኛል» እያለ ቤቱን በጥብጦታል።

አልከለክልም። ወሩም ጥሩ ነው፤ ማሽላው ታጭዶ አገዳው ስለሚከመር አይጡ ወደ ክምሩ፣ እባቡም አይጡን ተከትሎ ይመጣል። ሲነጋጋ መውጣት ግን ትርፉ ድካም ነው፤ የታኅሣሥ ጠዋት ለእባብ ይበርደዋል። ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ፀሐይ ድንጋዩን ስታሞቀው፣ በካቡ ፀሐያማ ጎንና በአገዳው ክምር ጠርዝ ይፈለግ። ከዚያ ሙቀቱ ሲበረታ ይደበቃል። እፉኝት የምታድነው ማታ ነውና 11 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ቤት ይግባ።

ድንጋይ በእጅ አይገለበጥም። አንድ ሜትር ተኩል ቆልማማ ዱላ ይበቃል። የማዶው ጠርዝ ተይዞ ወደ ራስ ሲሳብ የሚከፈተው በዚያኛው ወገን ስለሆነ፣ ድንጋዩ ራሱ በሰውና በእባቡ መካከል ይቆማል። የቅርቡን ጠርዝ ያነሳ ሰው ለእባቡ በሩን በገዛ እግሩ ላይ ከፈተለት ማለት ነው። ታይቶ ሲያበቃ ድንጋዩ እንደነበረ ይመለስ፤ ሥሩ ከደረቀ ዳግመኛ ምንም አይገባበትም።

እፉኝቷ ከታየች ሁሉም ባለበት ይቁም፣ ከዚያ በመጣበት ቀስ ብሎ ይመለስ። ፎቶ ከሦስት ሜትር ይበቃል። እሷ እንደ ሌላው እባብ አትሸሽም፤ ጀርባዋ ላይ የተደረደረው ሹል ምልክት ከደረቅ ሣር ስለማይለይ እሱን ተማምና ትተኛለች። ሰው የሚነከሰውም ስለሚረግጣት ነው። ናሆም እዚህ ቨርጂኒያ ኮፐርሄድ የሚሉትን እባብ እያየ ደፍሯል፤ የዚያ ንክሻ ሰው የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው። በዚያ ልክ እንዳይገምታት። ኮብራም መርዙን ከሁለት ሜትር በላይ ወደ ዓይን የሚተፋ አለና መነጽሩን አያውልቅ፤ ዓይን ከገባ ሳይታሽ በብዙ ውኃ ይታጠባል። ቡናማው የቤት እባብ ቢገኝ ግን እባክዎ ዱላ አያንሱበት። አይጥዎን የሚለቅምልዎ እሱ ነው።

እፉኝት እናቷን ገድላ ትወለዳለች የሚባለውን ይንገሩት፤ ከእርስዎ አፍ ያምራል። መከራከሩ አይቀርም፤ እንደ እውነቱ እንቁላል ሳትጥል 20፣ 30 ልጅ ወልዳ በሰላም መንገዷን ትሄዳለች።

አሁን ጌቱን እፉኝት የነከሰችው ጊዜ እግሩን ስላሰሩበት ገመድ ልናገር ነው፣ አባባ። በዓል በመጣ ቁጥር «ገመዱ ባይኖር ጌቱ አልቆለት ነበር» ይላሉ። ጌቱ ጫማውን እያየ ዝም ይላል። አላለቀለትም ነበር። የእፉኝት መርዝ ሥጋ ይበላል፣ እግር ያሳብጣል፤ ባበጠው ላይ ገመድ ሲጠብቅ ደም አይደርስም፣ መርዙም እዚያው ተከማችቶ የቀረውን ይጨርሳል። ንክሻው የተበጣበት ምላጭ ደግሞ ደሙ መርጋት ለተሳነው ሰው ተጨማሪ ቁስል ነው። ያሰሩት ሊያድኑት ብለው እንደነበር ጠፍቶኝ አይደለም፤ ጤና ጣቢያም በቅርብ አልነበረም። ግን በዚህ ሁሉ ዓመት አንዲት ቃል ለጌቱ... ይቅር።

ናሆም ላይ ገመድ እንዳይነካ። ምላጭም፣ መርዝ ይስባል ተብሎ ንክሻው ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ድንጋይም፣ በአፍ መምጠጥም። ጫማውና የእጅ ሰዓቱ ሳያብጥ ይውለቁ፤ እግሩ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት ተደግፎ በነጠላ ላላ ተደርጎ ይጠቅለል፤ አይራመድ፣ ተሸክመው ይውሰዱት። የተነከሰበት ሰዓት ይጻፍ። እባቡን ለመያዝ ማንም አይሩጥ። ማርከሻው በደም ሥር የሚሰጥ ነው፤ አንዳንዱን ሰው አለርጂ ሊጥለው ስለሚችል ሐኪም ባለበት ብቻ ነው የሚወሰደው። ሁልጊዜም አይገኝም። ስለዚህ ከመውጣታቸው በፊት ባለው ቀን ጌቱ ሆስፒታል ሄዶ ይጠይቅ፤ ከሌለ ደብረ ብርሃን ይደውል፤ ጣርማበርን የሚወጣ መኪናም አነጋግሮ ይጠብቅ።

«ከመውጣታቸው» ያልኩት አውቄ ነው። ጌቱ ይምራቸው፤ እያነከሰም ቢሆን ከእሱ የተሻለ ካቡን የሚያውቅ የለም። እርስዎ ከዋርካው ጥላ አይለፉ። ስኳሩ እግርዎን አደንዝዞታል፤ እሾሁ እንኳ መግባቱ የታወቀው እትዬ አስካለ ደሙን ስታይ ነው። በዚያ በበረባሶ...

42 ቁጥር ቦቲ በናሆም አባት እጅ ልኬያለሁ። መጀመሪያ በወፍራም ካልሲ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ያድርጉት፣ አዲስ ጫማ እግርዎን ሲልጠው አይሰማዎትምና። ማታ ማታ እትዬ አስካለ በጣቶችዎ መካከል በባትሪ ትይልዎ። ጠዋት ከማጥለቅዎ በፊት ገልብጠው ያራግፉት።

ሐኪሙ ስለ ግራ እግርዎ አውራ ጣት ያለውን ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። እሁድ ማታ እደውላለሁ፤ «ደህና ነኝ» ብለው ስልኩን ለእትዬ አስካለ አይስጧት።

ልጅዎ