ቤቱን ከመግዛታችሁ በፊት

የኔ ዓለም፣

ወደ ዳላስ ልትዛወሩ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ለልጆች የሚበቃ ቤት መግዛት እንዴት እንደከበደ አውቃለሁ። ግን "የቴክሳስ ትምህርት ቤት ከሜሪላንድ ያንሳል ይላሉ" ብለሽ መጨነቅሽ ከነከነኝ። በስልክ አልጨርሰውም ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

የፌዴራል መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ነው። ሌላውን ስቴቱና አካባቢው ይሸፍናሉ። የአካባቢው ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው የቤት ግብር ነው። ቤት በተወደደበት ሰፈር ትምህርት ቤቱም ይደላዋል። እዚያው ቴክሳስ፣ የሳን አንቶኒዮ ድሃ ወላጆች ይህን ተቃውመው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነበር። በ1973 5 ለ4 ተረቱ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስቴቱ ከሀብታም ዲስትሪክት (የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ማለት ነው) ወስዶ ለድሃው ማካፈል የጀመረው ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

ብር ግን ብቻውን አያስተምርም። በ2022 ኒውዮርክ ለአንድ ተማሪ ወደ 30 ሺህ ዶላር አወጣች። ዩታ 10 ሺህ እንኳ አልሞላችም። ሚሲሲፒን እይልኝ። ድሃ ናት። በ2013 የአራተኛ ክፍል ልጆቿ በንባብ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበሩ። ያኔ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ያልቻለ ልጅ እንዳያልፍ ሕግ አወጣች። ነገሩ ልጅ መጣል ብቻ ቢሆን አላደንቃትም ነበር። መምህራኑን ፊደልን ከድምፁ ጋር አያይዘው እንዲያስተምሩ አሠለጠነች። ወደ ደካሞቹ ትምህርት ቤቶች የንባብ አሠልጣኞች ላከች። በ2024 አገር አቀፍ ፈተና አራተኛ ክፍሎቿ በንባብ ኒውዮርክን በለጡ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ግን ገና ከአገሪቱ አማካይ በታች ናት።

ማሳቹሴትስ ደግሞ ከ1993 ጀምሮ ለድሃ ከተሞች በጀት ጨመረች፤ ከተማሪዎቹም ብዙ ጠየቀች። ዛሬም ከፊት ናት።

እና የስቴቱን ደረጃ ተይው። አንድ ስቴት ውስጥ ያለው ልዩነት ይብሳል። ዳላስ ዙሪያ መንገድ ስትሻገሪ ዲስትሪክቱ ይቀየራል። የወደዳችሁት ቤት የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ አጣሪና ሂጂበት። አንደኛ ክፍል ላይ ንባብ እንዴት እንደሚያስተምሩ ጠይቂ። ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ ማን ይይዘዋል? መምህራኑ ይቆያሉ ወይስ በየዓመቱ ይለቃሉ? ትንሹ ልጅሽ ቤት ውስጥ የሚሰማው አማርኛ ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ የሚያግዘው ሰው መኖሩንም ጠይቂ።

ልታዩ ስትሄዱ ልጆቹን እኛ ጋ ተዋቸው።

አባትሽ