ይድረስ ለሕጻናት ማቆያዎች ፈቃድ ለሚሰጡት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን አቤቱታ ያውቁታል። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ አስገብቻለሁ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲያ መልሱ ሁሌም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው። ስለዚህ ዛሬ አገር እያየው ልጻፈው።

ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ስፓይና ቢፊዳ አለባት፤ አከርካሪዋ በደንብ ሳይገጥም ነው የተወለደችው። ጭንቅላቷ ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ሆዷ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ፣ ሸንት፣ ተገጥሞላታል። ሽንቷም በየአራት ሰዓቱ በካቴተር፣ ፊኛዋ ድረስ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ይወጣል። ሳስመዘግባት ሁሉንም ጽፌ ሰጥቻለሁ። ሸንቱ ከተደፈነ ታስመልሳለች፣ እንቅልፍ ይጥላታል፤ ያኔ ቶሎ ደውሉልኝ ብያለሁ። ማቆያው ወረቀቱንም ጭማሪ ክፍያውንም ተቀበለ። አንዷን ሞግዚት ካቴተሩን ራሴ አለማመድኳት።

ያቺ ሞግዚት ሥራ ለቃ ኖሯል። የነገረኝ የለም።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ አዲሷ ሞግዚት ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። «ዛሬማ እንዴት ጨዋ ነበረች! አንዴ አስመለሳት እንጂ ቀኑን ሙሉ ተኛች።» ልጄን ጠራኋት፣ ነቀነቅኋት። አልነቃችም። ካቴተሯም ከጠዋት ጀምሮ አልተነካም። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ገባች። ተርፋለች፣ ፈጣሪ ይመስገን። ሞግዚቷ ላይ አልፈርድም፤ ወረቀቴ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ እሷ በምን ትወቀው?

ባለሙያዎ ሄዶ አጣራና «ማቆያው መስፈርቱን ያሟላል» አለኝ። ያሟላል እንጂ! ክፍሉ በሜትር ተለክቷል፣ ፍራሹ ተቆጥሯል፣ ግድግዳው ላይ ቀጭኔ ተሥሏል። ነርስ አለ ወይ፣ መድኃኒት ማን ይሰጣል፣ ልጅ ራሱን ቢስት ወዴት ይኬዳል ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እዚያው ቢሮዎ አንዷ «እንዲህ ያለ ልጅ እቤት ቢውል አይሻልም?» አሉኝ። ከማን ጋር?

ሕግ አላስተምርዎትም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ የሕጻናት ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። ከፍራሽ ቆጠራው በፊት ማለት ይመስለኛል። የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አገራችን ያጸደቀችው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ነው።

«እንግዲያው አይቀበሏቸው» ብለው እንዳይገላገሉኝ። እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚይዝ ማቆያ ነርስ ይኑረው፤ ያለ ነርስ ጭማሪ የሚያስከፍለውን ፈቃዱን ይያዙበት።

ነገ 3 ሰዓት እመጣለሁ፣ ልጄን ይዤ። የካቴተሯ ሰዓት 4 ነው፤ ስብሰባዎ ከረዘመ ንጹሕ ክፍል ያሰናዱልን።