ኮልዲትስ ለምትሄደው ልጄ

ልጄ፣

ትናንት በስልክ "አባዬ፣ ከኳየሩ ጋር ኮልዲትስ የሚባል ግንብ ውስጥ ሦስት ቀን ልናድር ነው" ስትይኝ ዝም ያልኩት መስመሩ ተቋርጦ አይደለም። ስሙን ከሰማሁት ስንት ዘመኔ! ስልኩን እንደዘጋሁ ቀጥ ብዬ ወደ ቡፌው ሄድኩ። ያን ጆሮው የተሰበረ ነጭ ስኒ ታውቂው የለ? አውጥቼ ገለበጥኩት። ከሥሩ ያለው ማህተም ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም። ኮልዲትስ ይላል።

በ1985 ነው (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ፣ እዚያ ከምታነቢው ጋር እንዳይጋጭብሽ)። ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕሲሽ ከተማ፣ ኸርደር ኢንስቲትዩት ገብቼ ጀርመንኛ ስማር አንድ የኮልዲትስ ልጅ ጓደኛዬ ነበር። አንድ እሁድ "አያቴን ልጠይቅ ነው፣ አብረን እንሂድ" አለኝ። ከተማዋ ትንሽ ናት። ከታች ሙልደ ወንዝ ያልፋል፣ ከላይ ቋጥኙ ላይ ግንቡ ጉብ ብሏል። ቤተ መንግሥት ልጎበኝ ነው ብዬ ከረባት አስሬ ነበር። በሩን ስናልፍ ግን የተቀበለን የሆስፒታል ሽታ ነው። ክሎሪን፣ የተቀቀለ ጎመን፣ የታመመ ሰው።

አያትየው መስኮት አጠገብ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ወፍራም ከመሆኑ የተነሳ የመስኮቱ ደፍ ላይ ሰው ሊተኛ ይችላል። እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። "ይሄ ልጅ በደንብ ይበላል?" ብለው የልጅ ልጃቸውን ጠየቁት። እናቴ ነው የመሰሉኝ። ያኔ ስለ ግንቡ ታሪክ ማንም ምንም አልነገረኝ፤ እኔም አልጠየቅኩም። ያነበብኩት አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

በጽሑፍ መጀመሪያ የተጠቀሰው በ1046 ነው። የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛው ለሚስቱ ለአግነስ በስጦታ ሰጣት። በ1504 አንድ የዳቦ ጋጋሪ ሠራተኛ ሳያስበው ያስነሳው እሳት ከተማውንም ግንቡንም በላው። የሳክሶኒ፣ የዚያ ግዛት መሳፍንት መልሰው ሠሩት፣ እያደኑ ተዝናኑበት፣ ባል የሞተባትን ልዕልት አስቀመጡበት። ይሄ ሁሉ የማንኛውም ግንብ ታሪክ ነው፣ አላደክምሽም።

እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መሳፍንቱ ሲሰለቹት ቤቱ ማንም አጠገቡ ሊያየው የማይፈልገው ሰው መክተቻ ሆነ። በ1803 ድሆች በግድ የሚሠሩበት ቤት ተደረገ። ከ1829 ጀምሮ ደግሞ አይድኑም የተባሉ የአእምሮ ሕሙማን ይላኩበት ገባ። ወደ መቶ ዓመት ገደማ! ሹማንን ትዘምራላችሁ አይደል? የአቀናባሪው የሮበርት ሹማን ልጅ ሉድቪግ እዚያ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። በሃያዎቹ መጀመሪያ ገባ፣ በ1899 እዚያው ሞተ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምግብ ሲጠፋ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ሕሙማን አለቁ።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ኮሚኒስቶችንና ሌሎች ተቃዋሚዎቻቸውን አጎሩበት። ከ1939 ጀምሮ ደግሞ የጦር ምርኮኛ መኮንኖች መጡ። ፖላንዶች፣ እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮች፣ ደቾች። አስቢው፣ ከሌላ እስር ቤት ለማምለጥ የሞከሩትን ሁሉ መርጠው አንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰቧቸው። የማምለጥ ዩኒቨርሲቲ ከፈቱላቸው ማለት ነው! ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ከገባችሁ ወለሉን እዪው፣ ፈረንሳዮች ከሥሩ 44 ሜትር ዋሻ ቆፍረዋል። ሊጨርሱት ሲሉ ተያዘባቸው። ኤሪ ኒቭ የሚባል እንግሊዛዊ ግን በጥር 1942 ከአንድ ደች መኮንን ጋር ከቲያትር መድረኩ ሥር ሾልኮ፣ የጀርመን መኮንን መስሎ በዘበኞቹ ፊት ወጥቶ ሄደ። ስዊዘርላንድ ገባ።

አውሮፕላኑን ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። እንግሊዞቹ ምርኮኞች ጣሪያው ሥር የሐሰት ግድግዳ ሠርተው፣ ከኋላው ሞተር የሌለው አውሮፕላን ገጣጠሙ። እንጨቱ የአልጋ ርብራብና የወለል ጣውላ ነው። ክንፉን ያለበሱት በመኝታቸው ጨርቅ፣ ሰማያዊና ነጭ ዳማ ያለው። ጨርቁ እንዲወጠር ምን ቀቡት መሰለሽ? ከራሽናቸው የቆጠቡትን ዳጉሳ መሰል እህል ቀቅለው፣ ገንፎውን! ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 10 ሜትር ያህል ነበር። ሳይበር አሜሪካኖች ሚያዝያ 16 ቀን 1945 ደረሱ። በ2012 አምሳያው ተሠርቶ ከዚያው ጣሪያ ላይ በአሻንጉሊት አብራሪ ተለቀቀ። ወንዙን ተሻግሮ ሜዳ ላይ አረፈ። አረፈ ከማለት ወደቀ ቢባል ይሻላል፣ ግን ተሻገረ።

ጦርነቱ አለቀ፣ ቤቱ ግን ባዶ አልሆነም። በዚያው ዓመት መጸው ሩሲያኖቹ በያዙት የጀርመን ክፍል "መሬት ላራሹ" መጣ። ከ100 ሄክታር በላይ ያለው ባላባት ተወረሰ። እኔ ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ፣ ታሪካቸውን ታውቂዋለሽ። የሳክሶኒ ባላባቶችም ከነቤተሰባቸው ተለቅመው ኮልዲትስ ታጎሩ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ሩገን ደሴት ተጋዙ። ቀጥሎ ሆስፒታልና የአረጋውያን ማቆያ ሆነ፣ እስከ 1996። የጓደኛዬን አያት ያገኘኋቸው በዚህ ዘመን ነው።

አሁን እናንተ የምታድሩበት የወጣቶች ማረፊያ የተከፈተው በ2007 ነው። የሙዚቃ አካዳሚውም እዚያው ነው። አስጎብኚው ስለ አምላጮቹ ሲያወራ ሰዓቱ ያልቅበታል፣ አልፈርድበትም፣ እኔም ይኸው ግማሹን ወረቀት ሰጠኋቸው። ግን እባክሽ እጅሽን አውጥተሽ ስለ ሕሙማኑ ጠይቂው። የት ይተኙ ነበር? የት ነው የተቀበሩት? ያን ቤት ከመኮንኖቹ በብዙ እጥፍ የኖሩበት እነሱ ናቸው። እኔ ያኔ ከረባቴን እያስተካከልኩ ሳልጠይቅ የቀረሁትን ነው የምልክሽ።

ስኒው ደግሞ እንዲህ ነው። የጓደኛዬ እናት ከተማው ውስጥ ባለው የሸክላ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። የዚያ አካባቢ ነጭ አፈር የታወቀ ነው፣ ጀርመኖች በ1708 አካባቢ የመጀመሪያውን ነጭ ፖርሴሊን ሲሞክሩ የተጠቀሙት የኮልዲትስን አፈር ነው። ያን እሁድ ማታ ቡና አፍልተው ከሸኙኝ በኋላ ሁለት ስኒ በጋዜጣ ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ። ለሆቴልና ለባቡር የሚሠራ፣ አንዱ አንዱ ላይ የሚደረደር ዓይነት። አንዱ በእናትሽ እጅ ተሰበረ። የሌላውን ጆሮ የሰበርሽው አንቺ ነሽ፣ አራት ዓመትሽ ነበር፣ ድመቷ ናት ብለሽ ነበር።

ፋብሪካው ተዘግቷል። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ካጋጠመሽ ግን ነጭ ስኒ ባየሽ ቁጥር ገልብጪ። ስሙን ካገኘሽ ሁለት ግዢልኝ። ሻንጣ ውስጥ ስትከቺው በካልሲ ጠቅልዪው።

አባትሽ